የጦር አውሮፕላን ስም ማን ያውጣለት?

የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ስልኩ ላይ የጦር አውሮፕላን ቪዲዮ ሲከፍት ገና ቅርጹን ከሩቅ አይቶ «ይሄ ኤፍ-16 ነው፣ ያ ደግሞ ሱ-27 ነው» ብሎ ይለያል። ሰሞኑን ስለ አንድ የአሜሪካ ድሮን ሲያወራኝ «ሪፐር! ስሙ ራሱ አሪፍ ነው» አለኝ።

«ትርጉሙን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«አጫጅ ማለት ነው» አልኩት። ያውም ገብስ የሚያጭደው አይደለም። ፈረንጆች ሞትን ሲስሉ ጥቁር ካባ አልብሰው፣ ረጅም ማጭድ አስይዘው የሚያቆሙት ያ አፅም ነው። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «እና ሞት ብለው ነው ስም ያወጡለት?» አለኝ። አዎ፣ ሞት ብለው። ከክንፉ ሥር የሚንጠለጠለው ሚሳይል ደግሞ ሄልፋየር ይባላል፤ የገሃነም እሳት።

እሱ ደነገጠ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ለጦር መሣሪያ ከወጡት ስሞች መካከል ይሄኛው ከተሻሉት አንዱ ነው ባይ ነኝ። ቢያንስ አይዋሽም። የሚዋሹት ብዙ ናቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የጦር አውሮፕላንን ስም ግን የሚያወጣው ቢሮ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) አሜሪካ ውስጥ እስከ 1962 ድረስ አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ የየራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። ፋንተም የሚባለውን አንዱን ጄት አየር ኃይሉ ኤፍ-110፣ ባሕር ኃይሉ ኤፍ4ኤች ይለው ነበር። አንድ ልጅ በእናቱ ቤት ሌላ፣ በአባቱ ቤት ሌላ ስም እንደሚጠራው ማለት ነው። ሮበርት ማክናማራ መከላከያ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ሁሉም በአንድ መዝገብ ገባና ፋንተም ኤፍ-4 ሆነ። ኤፍ ተዋጊ፣ ቢ ቦምብ ጣይ፣ ሲ ጭነት አመላላሽ፣ ኤ የምድር ዒላማ መቺ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ሕዝብ የሚጠራበት ስም ይወጣለታል።

ሥርዓት ይባል እንጂ ብዙም ሥርዓት የለውም። ኤፍ-35 በ2001 ሲመረጥ በተራው ይደርሰው የነበረው ቁጥር 24 ነው፤ የሙከራው አውሮፕላን ኤክስ-35 ይባል ስለነበር 35ን ይዞ ቀረ። ከራዳር የሚሰወረው ኤፍ-117ም «ኤፍ» ይባል እንጂ ሥራው ቦምብ መጣል ነበር፤ አየር ላይ ከማንም ጋር አይዋጋም። ጃፓኖች ግን በዚህ በኩል ደስ ይሉኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያስፈራ የነበረው «ዜሮ» ስሙን ያገኘው ከካላንደር ነው። እነሱም እንደኛ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ አውሮፕላኑ አገልግሎት የጀመረበት 1940 በእነሱ 2600 ስለነበር የመጨረሻዋን ዜሮ ወስደው ሰጡት። ምንም ፉከራ የለበትም። ቢሆንም አስፈራ።

እንግዲህ ቢሮው ስሙን አውጥቶ፣ ወረቀቱን ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ነው መልአኩ የሚመጣው። መልአኩ አብራሪው ነው፣ ወይም ሞተሩን የሚያጥበው መካኒክ።

ኤፍ-16 በ1980 «ፋይቲንግ ፋልከን» ተባለ፤ ተዋጊ አዳኝ ወፍ። አብራሪዎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ «ቫይፐር» አሉት፤ እፉኝት። ፊት ለፊት ስታዩት እውነትም አንገቱን ቀና ያደረገ እባብ ይመስላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ኩባንያው ራሱ ተሸንፎ አዲሱን ሞዴል ቫይፐር ብሎ ለገበያ አወጣው።

ከሁሉ የምወደው ግን ኤ-10ን ነው። ቢሮው «ተንደርቦልት ሁለት» አለው፤ ነጎድጓድ፣ ያውም ሁለተኛው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነበረ ሌላ አውሮፕላን የተወረሰ ስም ነው። ወታደሩ ግን አንዴ አየውና «ከርከሮ» አለው። ባሌ ተራሮች ሄዳችሁ ዲንሾ ላይ ከርከሮ አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። አያምርም። አይፈጥንም። መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግን ጥርሱ ከፊቱ ወጥቷል። ኤ-10ም እንደዚያው ነው፤ አውሮፕላኑ የተሠራው ሰባት አፈሙዝ ባለው በአንድ ትልቅ መድፍ ዙሪያ ነው፤ መድፉ አፍንጫው ላይ ተተክሏል፣ የቀረው አካል መድፉን ለመሸከም የተጨመረ ይመስላል። «ነጎድጓድ» የሚለው ስም ለሃምሳ አውሮፕላን ይሆናል። «ከርከሮ» የሚሆነው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው።

ኤፍ-111 ደግሞ አለ። ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ሌሊት መሬት ታክኮ እየበረረ ቦምብ የሚጥል ነበር። አብራሪዎቹ በአዋልደጌሳ ስም ጠሩት። አዋልደጌሳን የማታውቁት ካላችሁ፣ ሌሊት እየወጣ ምስጥ የሚቆፍር ረጅም አፍንጫ ያለው እንስሳ ነው፤ እዚህ አገራችንም አለ። ቢሮው ይህን ስም ለሠላሳ ዓመት ገደማ በወረቀት ሳያጸድቅ ቆየ። በመጨረሻ በ1996 አውሮፕላኑ ጡረታ በወጣበት ሥነ ሥርዓት ላይ «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ በይፋ አዋልደጌሳ ነው» ተባለ። ሰውዬውን ዕድሜ ልኩን በቅጽል ስሙ ስትጠሩት ኖራችሁ መታወቂያውን በሚቀብሩት ቀን እንደማስተካከል ነው።

ከቢሮ የወጣ ስም ደግሞ አንዳንዴ ያሳፍራል። ኤፍ-35 «ላይትኒንግ ሁለት» ይባላል፤ መብረቅ። በ2020 የነዳጅ ታንኩን ከፍንዳታ የሚጠብቀው ሲስተም ላይ ችግር ተገኘና ኤፍ-35ኤ የተባለው ዓይነት መብረቅ ካለበት ቦታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲርቅ ታዘዘ። መብረቅን የሚፈራ መብረቅ! ይሄን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ግማሽ ቀን ሳቀ።

የቢሮ ስም ሁሉ አይሳካም ማለቴ ግን አይደለም። የእንግሊዞቹ ስፒትፋየር የአለቃ ስም ነው። የኩባንያው ኃላፊ ሴት ልጁን የሚጠራት እንደዚያ ነበር ይባላል። ቃል በቃል እሳት የምትተፋ ማለት ነው፤ እኛ «እሳት የላሰች» የምንላት ዓይነት ልጅ። አውሮፕላኑን የነደፈው ሬጂናልድ ሚቸል ስሙን የጅል ስም ነው ብሎ እንዳጣጣለው ይነገራል። ተሳስቶ ነበር። ስሙ የቤት ስለሆነ፣ ከአንድ አባት አፍ የወጣ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ወዲያው ለመደው።

ጠላት የሚያወጣው ስምስ? ይሄም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ምዕራባውያኑ የሶቪየት አውሮፕላኖችን እውነተኛ ስም ሁልጊዜ ስለማያውቁ ኔቶ የራሱን አወጣ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ተዋጊ ከሆነ ስሙ በኤፍ ይጀምራል፣ ቦምብ ጣይ በቢ፣ ሄሊኮፕተር በኤች። ባለ ፕሮፔለር ከሆነ በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ያለው ቃል፣ ጄት ከሆነ ሁለት ቀለም። ለዚህ ነው ቱ-95 «ቤር» የተባለው፤ ድብ፤ ባለ ፕሮፔለር ነዋ። አላማው በሬዲዮ ሲጠራ እንዳያምታታ ነው፤ ማሞገስማ ከየት መጥቶ! ሚግ-21ን «ፊሽቤድ» አሉት፤ ቃል በቃል ብንወስደው የዓሣ አልጋ። የራሱ አብራሪዎች ግን «ባላላይካ» ይሉት ነበር፤ ባላላይካ እንደ ክራር ያለ የሩሲያ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፣ ሦስት ማዕዘን። የሚግ-21ን ክንፍ ከላይ ብታዩት ያው ነው። ክራር የሚመስል ተዋጊ ጄት፤ እኔ በበኩሌ ይሄን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።

በዚህ በኩል የሚያስገርመው ግን ሚ-24 ነው። ይሄን ሄሊኮፕተር የኛም አየር ኃይል ስለሚጠቀምበት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኔቶ «ሃይንድ» አለው፤ ሴት አጋዘን። በኤች የሚጀምር ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ የተገኘ ስም ነው የሚመስለው። የሶቪየት ወታደሮች ግን «አዞ» አሉት። አፍንጫውን፣ ጎብጎብ ያለውን መስታወቱን፣ የሆዱን ስፋት እዩት፤ ስምንት ወታደር ውጦ ይበራል። አጋዘን ነው አዞ? አብሮት የኖረው ሰው ያውቃል።

እስካሁን የቀለድኩ መስሏችሁ ከሆነ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከእንስሳ ስምና ከመብረቅ ስም የሚብስ አለ። እሱም የጥሩ ነገር ስም ነው።

ኤፍ-5ን ውሰዱ። አሜሪካ ይህችን ቀላልና ርካሽ ጄት በ1962 ለወዳጅ አገሮች ልትሰጣት መረጠችና «ፍሪደም ፋይተር» አለቻት፤ የነፃነት ታጋይ። ማን ተቀበላት? የኢራኑ ሻህ። በ1967 መንግሥት የገለበጡት የግሪክ ኮሎኔሎች። የፍራንኮዋ ስፔን። የደቡብ ቬትናም ጄኔራሎች። እኛም ተቀበልን፤ ፓርላማውም ሚኒስትሩም በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በሚያድሩበት ዘመን። ከዚያ ደርግ መጣና ጄቶቹን ወረሰ። የነፃነት ታጋይዋ አንዲት ቀን እንኳ ሥራ ሳትፈታ ለደርግ መብረር ቀጠለች። በ1977 የሶማሊያ ጦር ሲወርረን የኛ ልጆች በኤፍ-5 ሚግ-21ን ገጥመው ያሳዩት ጀብዱ የታወቀ ነው፤ እሱን የሠሩት አብራሪዎቹ ናቸው፣ ስሙ አይደለም። ቬትናም ደግሞ ትብሳለች። በ1975 ኮሚኒስቶቹ ሳይጎንን ሲይዙ የተማረኩትን ኤፍ-5ዎች ጠግነው ካምቦዲያ ላይ አበረሯቸው። ኢራንም ውስጥ ሻሁ ከሄደ በኋላ እስላማዊው መንግሥት ወርሷቸው ለአሥርት ዓመታት አበረራቸው። የነፃነት ታጋይዋ ያላገለገለችው አለ እንዴ?

አውሮፕላን ባይሆንም አንድ ልጨምር። አሜሪካ አሥር የኑክሌር አረር የሚሸከም አንድ ሚሳይል ነበራት። በ1982 ፕሬዚዳንት ሬገን ስም አወጡለት፦ «ፒስኪፐር»። ሰላም አስከባሪ። አሥር ከተማ ሊያጠፋ የሚችል ሰላም አስከባሪ! ሩሲያዎች ደግሞ ኑክሌር የሚሸከመውን ቱ-160 ቦምብ ጣይ «ነጭ ዝይ» እንደማለት፣ «ነጩ ስዋን» ይሉታል፤ ያ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው አንገተ ረጅም ወፍ ነው። መድፎቻቸውንም በአበባና በዛፍ ስም ነው የሚጠሩት፤ አንዱ ካርኔሽን ይባላል፣ አንዱ «አካሲያ»፣ በኛ ግራር። ከግራር ጥላ ሥር አረፍ ብሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ለመድፍ ሲሰጡት ምን ይሰማዋል?

የኛ አባቶች በዚህ ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ይሻላሉ ብል አገሬን ለማሞገስ እንዳይመስላችሁ። የጦር ፈረስ በዚያ ዘመን የዛሬው ጄት ነው። ፈረሱ ስም ይወጣለታል፣ ጌታው ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። አፄ ዮሐንስስ? አባ በዝብዝ። በዝብዝ! ንጉሥ ናቸው፣ ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ግን የጦር ፈረሳቸው ስም መጥተህ በዝብዝ ነው የሚለው። ጦርነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ስም ነው። ማንም «አባ ሰላሙ» ብሎ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ዘመቻ አልሄደም። ሌላም ነገር አለበት። «አባ» ሲባል ባለቤት አለው። ፈረሱ የረገጠው እርሻ ካለ አባ እከሌ ነው የሚጠየቀው። ስሙ ከሰውየው አይለይም።

ዛሬ የሚበረው ነገር ባለቤቱ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እዚህ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ አፓቼ አንድ ነገር። የአሜሪካ ምድር ጦር ሄሊኮፕተሮቹን በቀደምት የአሜሪካ ሕዝቦች ስም ነው የሚጠራው፤ አፓቼ፣ ቺኑክ፣ ካዮዋ፣ ላኮታ። ብላክ ሆክ ደግሞ የሰው ስም ነው፤ በ1832 ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋጋ የሳውክ ሕዝብ መሪ። የአፓቼው ጄሮኒሞ ለዚሁ ጦር እጁን የሰጠው በ1886 ነው። ማለትም ጦሩ ያሸነፋቸውን፣ ከመሬታቸው የነቀላቸውን ሰዎች ስም ወስዶ መሣሪያው ላይ ለጠፈ። ነገሩን ወደኛ አምጡት። ጣልያን አድዋ ላይ አሸንፋን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በምትሠራው ሄሊኮፕተር ላይ «አሉላ» ብላ ብትጽፍ ደስ ይለን ነበር? አክብሮት ነው ቢሉንስ?

መልሱ ግን እንደዚህ ቁርጥ ያለ አይደለም፤ እኔም እዚህ ላይ እወላውላለሁ። በ2012 ላኮታ የተባሉት ሄሊኮፕተሮች ወደ ስታንዲንግ ሮክ ሄደው የላኮታ ሽማግሌዎች መርቀዋቸዋል። የነሱም ልጆች በዚያው ጦር ውስጥ ያገለግላሉ፤ ስሙን የኛ ነው ብለው የያዙት አሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ግን ቢን ላደን የተገደለበት ዘመቻ ላይ «ጄሮኒሞ» የሚለው ስም የምስጢር መጠሪያ ሆኖ ሲሰማ ብዙዎቹ ተቆጥተዋል። ልዩነቱ ለኔ ግልጽ ነው። አንዱ ጋ ባለስሞቹ ተጠይቀው መርቀዋል። ሌላው ጋ የጠየቃቸው የለም፣ የአያታቸው ስም ከሚታደነው ሰው ስም ጋር ተያይዞ በዜና ሰሙት።

ስም ትዝታ አለው። አውሮፓውያን አራት አገር ሆነው የሠሩትን ጄት «ታይፉን» ሲሉት ጀርመኖች እስከዛሬ «ዩሮፋይተር» ብቻ ነው የሚሉት። በ1944 ኖርማንዲ ላይ የጀርመንን ጦር በሮኬት ይደበድብ የነበረ የእንግሊዝ አውሮፕላን ስሙ ታይፉን ነበርና።

አሁን ወደ ድሮኑ።

«ድሮን» የሚለው ቃል ራሱ በእንግሊዝኛ ወንድ ንብ ማለት ነው፤ ንብ አናቢዎቻችን ድንጉላ የሚሉት። በ1935 እንግሊዞች ያለ አብራሪ በሬዲዮ የሚበር አውሮፕላን ሠርተው «ኩዊን ቢ» አሉት፤ ንግሥት ንብ። ሥራው መተኮስ አልነበረም፤ እንዲተኮስበት ነበር፤ ለመድፈኞች መለማመጃ። «ድሮን» የሚለው ስም ከዚህች ንግሥት ጋር ተያይዞ እንደመጣ ይነገራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወንድ ንብ መናደፊያ የለውም። ለዒላማ መለማመጃ ስሙ በልኩ ነበር። ዛሬ ግን መናደፊያ የሌለው ነፍሳት ስም ገሃነመ እሳት የተሸከመ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ቱርኮች «ባይራክታር» አሉ፤ የሠሪዎቹ የቤተሰብ ስም ነው፣ ትርጉሙ ሰንደቅ ያዥ። ከሱ የሚተልቀውን «አኪንጂ» አሉት፤ አኪንጂ በኦቶማን ዘመን ከዋናው ጦር ቀድሞ እየገባ የሚዘርፍ ፈረሰኛ ነው። አባ በዝብዝን የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ባዳ አይሆንበትም። ደግሞ እንደ ስምነቱ ሐቀኛ ነው።

ኢራኖች ግን አንዱን ፈንጂ ይዞ ሄዶ የሚጋጭ ድሮን «ሻሄድ» አሉት። ምስክር ማለት ነው። ሩሲያ ይህንኑ ወሰደችና «ጌራን» አለችው፤ ጄራኒየም፣ ያ በየበረንዳው በቆርቆሮ የሚተከለው አበባ። ሌሊት በዩክሬን ከተሞች ላይ ሲመጣ ታች ያለው ሰው ደግሞ «ሞፔድ» አለው። የሞተሩ ድምፅ የርካሽ ሞተር ሳይክል ድምፅ ስለሚመስል። ሠሪው ምስክር፣ ተኳሹ አበባ፣ የሚተኮስበት ሞፔድ። አንድ ዕቃ ነው። ከሦስቱ ስሞች በጨለማ ሰምታችሁ ልጃችሁን አንስታችሁ ለመሮጥ የሚጠቅማችሁ የትኛው ነው? ጋዛ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ሰዎች ላያቸው ላይ ቀን ከሌት የሚዞረውን ድሮን «ዘናና» ይሉታል፤ በእነሱ ዐረብኛ እዝዝ የሚል ድምፅ ነው። የሚቀጥለውን ቃል ለማዳመጥ እንኳ ጊዜ የማይሰጥ ድምፅ።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይሄው ነው። ለጦር አውሮፕላን ልክ የሚሆነው ስም ወይ ውስጡ ከሚቀመጠው ሰው፣ ወይ ከሥሩ ከሚኖረው ሰው አፍ የሚወጣው ነው። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከርከሮ፣ አዞ፣ ክራር፣ ሞፔድ፣ ዘናና። ከሁለቱ ውጭ ያለው፣ ማለትም ሻጩና ቃል አቀባዩ፣ የሚፈልገውን ነው የሚናገረው። ነፃነት ይላል፣ ሰላም ይላል፣ አበባ ይላል።

እኛን ምን አገባን ትሉኝ ይሆናል። ያገባናል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጦርነቶቻችን «ድሮን» የሚለው ቃል መብራት ያልገባበት ገጠር ድረስ ገብቷል። ቃሉን ከእንግሊዝኛ እንዳለ ነው የወሰድነው፤ ምናልባትም ስም ለማውጣት ፋታ ስላልተገኘ። አሁን ደግሞ ራሳችን መሥራት ጀምረናል። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የድሮን ፋብሪካ «ስካይዊን» ይባላል። ኧረ ለመሆኑ ማን እንዲሰማው ነው? ሰማይን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ የምንጠራ ሕዝብ ሆነን ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ስም ከእንግሊዝኛ መበደር ግድ ነበር?

ስም ማውጣት አቅቶን ደግሞ አያውቅም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሉድቪግ ቬበር የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። የጦር አውሮፕላን አይደለችም። በዚያው ሰሞን ሰሜን ላይ ከሚበሩት የጣልያን ቦምብ ጣይ ጓዶች የአንዱ ስም «ላ ዲስፔራታ» ነበር፤ ተስፋ የቆረጠችው እንደማለት፤ አዛዡ የሙሶሊኒ አማች ጋሌያሶ ቻኖ ነበር። ጣልያኖች አዲስ አበባ ሲገቡ ፀሐይን ወሰዷት። ሰማንያ ምናምን ዓመት በባዕድ አገር፣ በሙዚየም ተቀምጣ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ስሟን ግን አልቀየሩትም፤ እዚያም ፀሐይ ነበረች።

ድሮን ላይ «ፀሐይ» ብላችሁ እንዳትጽፉ እንጂ። እሷን ተዉአት።

ታዲያ የራሳችንን ምን እንበለው? የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት። ስልኩን አስቀምጦ አሰበ፤ ይሄ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«መብረቅ!»

«መብረቅ ሲመጣ የሚሸሸውን ነግሬሃለሁ።»

«አንበሳ?»

«አንበሳ አውቶቡስ ነው።»

«ንስር?»

«ንስር ግማሹ ዓለም ወስዶታል። እኔ ብሆን ጭልፊት እለው ነበር።»

«ጫጩት የሚሰርቀው?» አለኝ ፊቱን አጨማዶ።

አዎ፣ እሱ ራሱ። አያቱ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲረባ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ላይ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፣ ይዞራል። መጀመሪያ የምታየው ዶሮዋ ናት። ጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ድምፅ ታሰማለች፤ ጫጩቶቹ በአንዴ ክንፏ ሥር ይገባሉ። ከዚያ አያቱ እጇን እያጨበጨበች እየጮኸች ከማጀት ትወጣለች። «ጭልፊት» ሲባል ዶሮዋም፣ ጫጩቶቹም፣ አያቱም ስሙ ውስጥ አሉ። የሚተኩሰው ልጅም ያንን እያወቀ ይተኩሳል።

«እሱማ ስድብ ነው» አለኝ።

«ከከርከሮ አይብስም» አልኩት። ስልኩን አንስቶ ወደ ቪዲዮው ተመለሰ።